ሃምሳ ሁለት ሰከንድ

የመስታወት ቁም ሣጥኑ ባዶ ነበር።

መደርደሪያው ላይ፣ አቧራው መሃል፣ አንድ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀርቷል። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ማሽን ሳይነካ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

የጌም ቤቱ ባለቤት ከምሳ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ያየው ይህንን ነው። ስድስቱ አዳዲስ ማሽኖች ከነስክሪናቸው በየቦታቸው አሉ። ሌባው አንዱንም አልነካም። የወሰደው መልኩ ወደ ቢጫ የዞረ፣ መንገድ ላይ ቢጣል ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሣውን አሮጌ ማሽን ነው። ከነጆይስቲኩ።

ኢንስፔክተሯ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። ወንበር ሲሰጧት የማትቀመጥ ሴት ናት። ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር የቀረው ወፍራም ሳጅን እያለከለከ ይከተላታል።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አለች።

"እኔ ጋ ብቻ" አለ ባለቤቱ።

"ምሳ የት በሉ?"

"አማቴ ቤት። ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል ዘግቼ እሄዳለሁ። ይጠይቋት። አምስት ደቂቃ አረፈድክ ብላ እስካሁን አልለቀቀችኝም።"

በሩ አልተሰበረም። ሌባው የገባው በኋላ በኩል፣ በመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ በርጩማ ቆሟል። ባለቤቱ በርጩማው ጠዋት እዚያ እንዳልነበረ ማለ።

ኢንስፔክተሯ ቁም ሣጥኑ ጋ ተመለሰች። መስታወቱ ደህና ነው። ቁልፉም እንደተቆለፈ ነው። ሌባው በሩን ያወጣው በማጠፊያው በኩል፣ ሁለቱን ፒኖች መዝዞ ነው። ፒኖቹን አልጣላቸውም። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጧቸዋል።

ረዘም አድርጋ አየቻቸው። ከዚያ ወጥታ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የምትሠራውን ልብስ ሰፊ አነጋገረች።

"መስኮቱ ሲንኳኳ ሰማሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "መርፌዬ ውስጥ ክር እያስገባሁ ነበር። አስገብቼ ቀና ስል አንድ ሰው ጥጉ ጋ ሲታጠፍ ጀርባውን አየሁት። ቦርሳ አዝሏል።"

"ስንት ደቂቃ ይሆናል?"

"መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት። ቢሆን አንድ ደቂቃ።"

"በአንድ ደቂቃ ገብቶ ሰርቆ ወጣ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ክሩ ነው የሚመሰክረው።"

ኢንስፔክተሯ ስትመለስ ቁም ሣጥኑ ፊት አንዲት ወጣት ቆማለች። አታለቅስም። የግራ እጇ ጣቶች ብቻ ጭኗ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፣ ፋታ የላቸውም።

ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ትጠርዛለች። ሁሉም "ጠራዧ" ነው የሚሏት።

"ለዚህ አሮጌ ዕቃ ነው ፖሊስ የጠራችሁት?" አላት ሳጅኑ።

"ለእኔ ሌላ የለም" አለች ጠራዧ። "ውስጡ አንድ ጌም አለ። ትንሽ ሰውዬ ፋኖስ ይዞ ዘጠኝ ፎቅ ግንብ ይወጣል። ሌላው ሰው በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። እኛ በአንድ ትንፋሽ ነው የምንጨርሰው። ሳንሞት፣ ሴቭ ሳናደርግ። በሰዓት ይያዝልናል፤ ሩጫ እንለዋለን።"

"ሴቭ ደግሞ ምንድን ነው?"

"መንገዱ ላይ ሰማያዊ በር ያላቸው ክፍሎች አሉ። እዚያ ገብተው ካስቀመጡ፣ በኋላ ቢሞቱም ከዚያው ይቀጥላሉ። እኛ አንገባም።"

"ማን ከለከላችሁ?"

"ማንም። ራሳችን ነን።"

"ሰው ችግር ሲያጣ ለራሱ ይሠራል" አለ ሳጅኑ።

ጠራዧ ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። ሁለት ጣቶች የሉትም። ከአራት ዓመት በፊት የወረቀት መቁረጫው ነው የወሰዳቸው።

"እኔ ደግሞ በግራ እጄ ብቻ ነው የምጫወተው። የቀሩት ሦስት ጣቶች ሊረዱኝ ይችሉ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ክብረ ወሰኑን ልሞክር ነበር።"

"በሌላ ማሽን አይሆንም?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ክብረ ወሰን የሚሰበረው በተያዘበት ማሽን ነው። የቡድናችን ሕግ ነው።"

"በሌላ ቀንስ?"

የጠራዧ ጣቶች ቆሙ። "ሰኞ የግራ እጄ አንጓ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ጅማቱ አብጧል። ሐኪሙ 'ዳቦ ትቆርሺበታለሽ፣ ፍጥነቱን ግን እርሺው' ብሎኛል።"

ሳጅኑ ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ።

ጠራዧ ግን ከመስኮቱ እስከ ቁም ሣጥኑ በዓይኗ እየለካች ነበር። "ኢንስፔክተር፣ በርጩማው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። መስታወት ቢሰብር ድምፅ አለው፣ ቁልፉን ቢሞክር ጊዜ ይበላል። ፒኑን መረጠ። እኛ ለአንድ ፎቅ መንገድ ስናወጣ እንደዚህ ነው የምናወጣው። ይህን የሠራው ከእኛ አንዱ ነው።"

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤት ከእሷና ከባለቤቱ ሌላ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኢንስፔክተሯ ሁለቱንም አስጠራች።

መጀመሪያ የመጣው ዕቃ የሚያመላልስ ሞተረኛ ነው። ቅጽል ስሙ "ሽው" ይባላል። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ነው የገባው።

"ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"መንገድ ላይ።"

"የትኛው መንገድ?"

"የእኔ ሥራ እኮ መንገድ ነው፣ ሁሉም ላይ ነበርኩ።"

"ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቤት 'እሷ ሳትቀድመኝ ማሽኑን አቃጥለዋለሁ' ብለሃል።"

ሽው ወደ ጠራዧ ዞረ። "ነገርሻቸው?"

"ባለቤቱ ነው የነገራቸው" አለች።

"ቀልድ ነበር! ሁሉም ስቋል፣ አልሣቁም?"

"ቦርሳህን ክፈት።"

"ቦርሳዬን ተዉት።"

ሳጅኑ ከፈተው። ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጨርቁ ሲገለጥ ቢጫ የሆነ አሮጌ ጆይስቲክ ወጣ።

 ባለቤቱ "አንተ ውሻ!" ብሎ ተነሣ።

"ቆይ" አለች ጠራዧ። ጆይስቲኩን ተቀብላ ገለበጠችው። "የእኛ አይደለም። ቁልፎቹ ሁሉ ለግራ እጅ እንዲመቹ ወደ ግራ ዞረዋል።"

የሽው ጆሮ ቀላ። "እኔ ነኝ ያዞርኳቸው። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሰኞ ለሷ ስሰጣት 'ማጭበርበር ነው' ብላ ወረወረችብኝ። ጅል መስዬ እንዳልታይ ነው ዝም ያልኩት።"

"ጅል ነህ" አለች ጠራዧ። ጆይስቲኩን ግን አልመለሰችለትም።

ኢንስፔክተሯ ክፍሉን ተንጎራደደች። "የነገው ሩጫ ከሌሎቹ በምን ይለያል?"

"በምንም" አለ ሽው። "አዎ፣ አንድ ነገር አለ። ሳትጀምር ማሽኑን ከፍታ ሜሞሪው ባዶ መሆኑን ለሁሉም ልታሳይ ነበር። እንደዚህ ተደርጎ አያውቅም። ሐሳቡ የራሷ ነው።"

"'እጇን አይተው አዘኑላትና አሳለፏት' እንዳይባል ነው" አለች ጠራዧ።

"ይህን ማን ያውቅ ነበር?"

"እኛ ሁለታችን፣ ባለቤቱና ዳኛው።"

ቀጥሎ የገባው ዳኛው ነው፤ ሥራው ሰዓት ሠሪ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ክብረ ወሰኑም የእሱ ነው። አርባ ሰባት ደቂቃ፣ ያለ ሴቭ፣ አንዴም ሳይሞት። ባለቤቱ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ማሽኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዋንጫ መስታወት ውስጥ ተቀመጠ።

"ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?"

"ሱቄ። የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ።"

"ያየዎት አለ?"

"ሰዓቶቹ" ብሎ ፈገግ አለ። ኢንስፔክተሯ አልሣቀችም።

"ነገ ክብረ ወሰንዎ ሊሰበር ነበር።"

"ክብረ ወሰን የሚያዘው ሊሰበር ነው። ይህችን ልጅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቢሰበር የምኮራ እንጂ የምከፋ አይደለሁም።"

የተናገረው ከልቡ ይመስላል። ጠራዧም ራሷን ነቀነቀች።

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አወጣች። "ሳጅን፣ በመስኮቱ ገብተህ ቁም ሣጥኑን ነክተህ ውጣ። እኔ ጊዜ እይዛለሁ።"

"በስልክ?" አለ ሰዓት ሠሪው። ፊቱ አንድ ሰው መድኃኒት በስኒ ሊለካ ሲል እንዳየ ሐኪም ተቆጣ። "በስልክ ጊዜ አይያዝም። ጣት መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ይኼው።"

ከአንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓቱን አውልቆ እጇ ላይ አኖረው።

ወዲያው እጁ አየር ላይ ቀረ። "ማለቴ... እኔው ልያዝልዎት።"

"አይ፣ እርስዎ ሥራ አለዎት። ማታ አመጣልዎታለሁ።"

ሰዓት ሠሪው ወጣ። በሩ ጋ ዞሮ አየ። መንገድ ተሻግሮም ዞሮ አየ። እጁ ባዶ አንገቱን ይዳብስ ነበር።

የሳጅኑ ሙከራ አላማረም። ሆዱ መስኮቱ ላይ ቀረ።

"ግፉኝ!" አለ ከውጭ።

"ወዴት?" አለ ሽው።

"ወደፈለጋችሁት!"

አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ ሦስት መርፌ ክር አስገባሁ አለች።

ኢንስፔክተሯ ቁጥሩን ልታጠፋ ስትል ሌላ ቁልፍ ነካች። የሩጫ ሰዓቱ ስክሪን ላይ ዝርዝር መጣ። ሃያ ሦስት ሙከራዎች ናቸው፣ ሁሉም የዚህ ሳምንት። ከላይ አንዱ ኮከብ አለው።

"ይህ ምንድን ነው?"

ጠራዧ ሰዓቱን ተቀበለች። "ኮከቡ ምርጥ ሰዓት ማለት ነው። ሩጫን ከፋፍለን ነው የምንይዘው፣ የት እንደዘገየን እንድናውቅ። ይህ አምስት ቦታ ተከፍሏል። አሥራ አንድ ሰከንድ፣ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አምስት፣ አሥራ አንድ። ድምሩ ሃምሳ ሁለት።" ግንባሯ ተቋጠረ። "ጌም አይደለም። በሃምሳ ሁለት ሰከንድ የሚያልቅ ጌም የለንም።"

"የመጀመሪያውና የመጨረሻው እኩል ናቸው" አለች ኢንስፔክተሯ። ወደ መስኮቱ አየች። "መግባትና መውጣት።"

ከመስኮቱ ወደ ቁም ሣጥኑ ተራመደች።

"ስድስት ሰከንድ እስከ ቁም ሣጥኑ። አሥራ ዘጠኝ ሁለቱን ፒኖች ለመምዘዝ። አምስት ቦርሳ ውስጥ ለመክተት። ሰዓቱ ስንት ይላል?"

"ዛሬ" አለች ጠራዧ።  "ሰባት ሰዓት ከአራት።"

ኢንስፔክተሯ ጎን ለጎን የተደረደሩትን ፒኖች አሰበች። ትንንሽ ብረት ፈትቶ መጣል የማይችል እጅ ነው።

"ግን ለምን አላጠፋውም?" አለ ሳጅኑ ከሸሚዙ ላይ ኖራ እያራገፈ።

"ምርጥ ሰዓቱ ነው" አለች ጠራዧ። "ምርጥ ሰዓቱን ማን ያጠፋል?"

የብርበራ ፈቃድ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ሄደ። የሰዓት ሠሪው ሱቅ ተዘግቷል። ከውስጥ ግን የሰዓቶቹ ኳኳታ ይሰማል፣ ከኳኳታው በታች ደግሞ ሌላ ቀጭን ሙዚቃ። ጠራዧ ደረጃው ላይ ቆመች። "ስምንተኛ ፎቅ ነው" አለች። "የስምንተኛ ፎቅ ሙዚቃ ነው።"

ሳጅኑ በሩን ገፋው። አልተቆለፈም።

ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቢጫው ማሽን ጉልበቱ ሥር ነው። ስክሪኑ ላይ ፋኖስ የያዘው ትንሽ ሰውዬ ይሮጣል። አልዞረም።

"ብነግራችሁ አታምኑኝም" አለ። "አርባ ደቂቃ ደርሻለሁ። ሰባት ደቂቃ ስጡኝ።"

ሳጅኑ ወደ ሶኬቱ ሄደ።

"ተዉት" አለች ጠራዧ። ሳጅኑ ኢንስፔክተሯን አየ። ኢንስፔክተሯ እጇን አነሣች።

"ሜሞሪው ውስጥ ምን አለ?" አለች።

"ሴቭ አለ። የእኔ። የአሥር ዓመት።" ጣቶቹ ሳይቆሙ ይናገራል። "ያን ቀን አርባ ደቂቃ በደንብ መጣሁ። ከዚህ በኋላ የሚፈርስ ድልድይ አለ። ፈራሁ። ሰማያዊው በር እዚያው ነበር። አንዴ ብቻ ገባሁ።"

"ከዚያስ?"

"ድልድዩ ላይ ሦስት ጊዜ ሞትኩ። በአራተኛው ተሻገርኩ። ለማስረጃ ከቀዳሁት ቪዲዮ ላይ ሞቶቹን ቆረጥኳቸው። ቆረጣውን ማንም አላየም። ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ መገጣጠም አውቃለሁ።"

"እዚያው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ለምን አላጠፉትም?"

"ቴሌቪዥን ማገናኘት፣ ማብራት፣ መፈለግ... አራት ደቂቃ ይፈልጋል። ባለቤቱ ከዚያ ቤት የሚወጣው ለምሳ ነው፣ ያኔም ልብስ ሰፊዋ አለች። መውሰድ ግን ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ነው፤ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ሃያ ሁለት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።"

"እሺ፣ ወስደው አላጠፉትም?"

 ትንሹ ሰውዬ መሰላል ወጣ።

"ላጠፋው ነበር። ከዚያ... አንዴ ብቻ እውነት ላድርገው አልኩ። አርባ ሰባቱን። አንዴ እውነት ከሆነ ሴቩ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ነገ ጠዋት ማሽኑን በርሽ ላይ አስቀምጠው ነበር፣ ልጄ። በእናቴ።"

"እኔን በሌለ መንገድ መራኸኝ" አለች ጠራዧ። 'እርስዎ' ማለቱን ረስታዋለች። "አራት ዓመት። ግራ እጄ ያበጠው ያንተን አርባ ሰባት ስከተል ነው።"

 ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ሰማያዊ በር ታየ።

የሰዓቶቹ ኳኳታ ጎልቶ ተሰማ። ሰዓት ሠሪው ላብ ያጠመቀውን አውራ ጣቱን ወደ ግራ አስጠጋ። 

ትንሹ ሰውዬ በሩን አልፎ ሮጠ።

ድልድዩ መፍረስ ጀመረ። አንድ ዝላይ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ እግሩ ባዶ አየር ረገጠ፣ ፋኖሱ ብቻ እየተሽከረከረ ወደ ታች ወረደ። ስክሪኑ ጠቆረ።

ሰዓት ሠሪው ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አኖረው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ፒኖቹ አስተካክሎ። ሁለት እጁንም ለሳጅኑ ዘረጋ።

"አርባ አንድ ደቂቃ፣ ወደቀ" አለ። "ይህኛው እውነት ነው።"

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ ኤግዚቢት ሆነ። ሳጅኑ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን በሲባጎ አሰረበት።

"እስከ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ከጣቢያ አይወጣም" አለ መሬት መሬት እያየ። "ቢያንስ ሁለት ወር።"

 የጠራዧ ጣቶች ጭኗ ላይ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ሄዱ።

ኢንስፔክተሯ መስኮት ድረስ ሄዳ ተመለሰች። "ጣቢያው ቴሌቪዥን አለው፣ አይደል?"

"አለ። ኳስ የምናይበት።"

"ማሽኑ ከጣቢያ አይውጣ። ሰው ጣቢያ እንዳይገባ የከለከለ ሕግ ግን አላውቅም።"

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የፖሊስ ጣቢያው መሰብሰቢያ ክፍል ሞላ። ባለቤቱ መጣ፣ ሽው መጣ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ ከፊት ተቀመጠች። ማሽኑ ካርቶኑ እንደተንጠለጠለበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጠራዧ ሜሞሪውን ከፈተች። አንድ መስመር ብቻ አለ፦ ስምንተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር። ቀኑ ጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፍሬም ቀን ጋር አንድ ነው። ኢንስፔክተሯ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሣችው። ጠራዧ አጠፋችው።

"ዳኛ የለንም" አለ ባለቤቱ።

"አለን" አለች ጠራዧ። "አምጡልኝ።"

"እሱን? ያ አጭበርባሪ?" ሽው ከወንበሩ ተነሣ።

"ታዲያ ሰው የሚያጭበረብርበትን ቦታ ከሱ በላይ ማን ያውቃል?"

ሰዓት ሠሪውን ከእስር ክፍሉ አመጡት። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሳጅኑ የሩጫ ሰዓቱን ሰጠውና ጆሮው ላይ ተጠጋ። "ሃምሳ ሁለቷን እንዳትነካ። እሷም ኤግዚቢት ናት።"

ጠራዧ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ግራ እጇን ጆይስቲኩ ላይ ስታሳርፍ ከትናንት ጀምሮ ያላረፉት ጣቶች ጸጥ አሉ።

"ጀምሪ" አለ ሰዓት ሠሪው።

በሦስተኛው ፎቅ አንጓዋ መቅላት ጀመረ። በስድስተኛው ከንፈሯን ነከሰች። በስምንተኛው ሰማያዊው በር መጣና አለፈ፤ እንኳን ልትገባ፣ አላየችውም። ድልድዩ ላይ ሽው ዓይኑን ጨፈነ። ልብስ ሰፊዋ "ተሻገረች" ስትል ከፈተ።

ፋኖሱ ግንቡ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ተጫነ።

"ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ።"

ጭብጨባው ተጀመረና ተቋረጠ። ሽው ሄልሜቱን ጠረጴዛ ላይ መታ። "አልደረሰም! ከአርባ ሰባት በስድስት ደቂቃ ይበልጣል።"

ሰዓት ሠሪው ቀና አለ። አሥር ዓመት ያቆየው ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም።

"አርባ ሰባት የሚባል የለም" አለ። "ኖሮም አያውቅም። ሃምሳ ሦስት ከስምንት፣ በግራ እጅ። ጻፉት።"